ወረቀቱስ ተቀየረ፤ ነጂውስ?

በአማርኛችን መንጃ ፈቃድ «ይወጣል»። ገንዘብ ከባንክ እንደሚወጣው መሆኑ ነው። «መንጃ ፈቃድ አወጣህ እንዴ?» «አዎ፣ አወጣሁ!» «እንኳን ደስ ያለህ!» አንዳንዴ ደግሞ ድምፃችንን እንኳ ዝቅ ሳናደርግ «ገዛ» እንላለን። ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን «ቀየርኩ» የሚል ሦስተኛ ግሥ ጨምረውልናል። አወጣሁ፣ ገዛሁ፣ ቀየርኩ። ሦስቱም የወረቀት ግሦች ናቸው፤ የመሪና የፍሬን አይደሉም። ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከቃላት ጋር ስነታረክ ስለኖርኩ ነው መሰለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ጆሮዬ ላይ ይቀራል። ህጉማ ሌላ ነው የሚለው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600ም ሆነ በ2010 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 1074 ስማቸው «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ነው። ህጉ ብቃትን አስቀድሞ ፈቃድን አስከተለ። እኛ ደግሞ ብቃቷን መንገድ ላይ ጥለን ፈቃዷን ብቻ ይዘን ገባን።

ይህ የአነጋገር ጉዳይ አገር ቤት ሳለን ብዙም የሚያስከፍለን አይመስልም። ሂሳቡ ቁልጭ ብሎ የሚመጣው ድንበር ስንሻገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመድ ጥየቃ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሰንብቼ ነበር። አበሻ በተሰበሰበበት ቡና ላይ ቀዳሚው ወሬ ፖለቲካ ይመስላችኋል። ነውም። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው በቤቱ ካለ ግን ፖለቲካው ወንበሩን ለላይሰንስ ይለቃል። «ጽሑፉን አለፍክ?» «ለመንገዱስ መቼ ቀጠሩህ?» አይፈረድባቸውም። አሜሪካ ላይሰንስ ማለት መኪና መንጃ ብቻ ሳይሆን መታወቂያም ነው። ቤት ለመከራየት እሱ፣ ባንክ ሂሳብ ለመክፈት እሱ። ከከተማው ራቅ ያለ ሠፈር የሚኖር፣ ሥራው ደግሞ ሌሊት የሚገባ ሰው ያለ መኪና የት ይደርሳል? ኡበር ነድቼ ልደር ቢልም ያለዚያች ካርድ ወሬ ብቻ ነው። የቤተሰቡ እንጀራ የተንጠለጠለው እሷ ላይ ነው።

ታዲያ ቨርጂኒያ ከጥቂት አገሮች በስተቀር የውጭ መንጃ ፈቃድን ዝም ብላ አትቀይርም። እኛ ከጥቂቶቹ መሀል የለንም። ስለዚህ እንደ ጀማሪ መፈተን ነው። የጽሑፉ ፈተና ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው 10 የመንገድ ምልክቶች ይቀርባሉ፤ 10ሩንም ማወቅ ግድ ነው። ዘጠኝ ያገኘ ወደቀ። ከሁለተኛው ክፍል ቢያንስ 80 በመቶ ማግኘት ያስፈልጋል። ከዚያ የመንገዱ ፈተና ይመጣል።

ከነዚህ ቡናዎች ባንዱ አንድ አዛውንት ተዋወቅኩ። ስማቸው ይቅርና ጋሼ ልበላቸው። ጋሼ በጉልምስናቸው ዘመን ከባድ መኪና ከነተሳቢው ይዘው አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። የጣርማ በርን ጉምና የአፋርን ሐሩር በአንድ ጉዞ የሚያውቁ፣ ጎማ በሌሊት ብቻቸውን የሚቀይሩ። ልጆቻቸው አሜሪካ ወሰዷቸው። ሁለቴ ተፈትነው ሁለቴም ወደቁ።

«ልጄ የምትሆን ልጅ እኮ ናት!» አሉኝ። «አጠገቤ ቁጭ ብላ ወረቀቷ ላይ ስትጭር ስትጭር ቆየችና፣ ወድቀሃል አለችኝ።»

መጣሏ ይሁን «አንተ» ማለቷ ይበልጥ የከነከናቸው መለየት አልቻልኩም። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ እንደሌለው ማስረጃ ሰዓቱ አልነበረም።

«ምኑ ላይ ጣለችዎ ታዲያ ጋሼ?»

«ቁም የሚለው ምልክት ጋ አልቆምክም ብላ። ቀንሻለሁ እኮ! ግራ ቀኝ አይቻለሁ! መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ ማን አለና ልቁም?»

ማን አለና ልቁም! ይቺ ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። የጋሼ ብቻ ስላልሆነች ነው። የመንገድ ፍልስፍናችን ይጠቅለል ቢባል እሷ ውስጥ ይገባል። ትራፊክ ፖሊስ ካለ እንቆማለን። ከኛ የሚገዝፍ መኪና ከመጣም እንቆማለን። ማንም ከሌለ ግን ህግም የለም። ያ ቀይ ምልክት የሚናገረው ደግሞ በትክክል ስለማይታየው ሰው ነው፤ ከጥጉ ጀርባ ስላለው፣ ገና ብቅ ስላላለው። ዓይን ያላየውን ሰው ማክበር፤ ፈተናው ይኼ ነበር። ጋሼ የወደቁት በመሪ አይደለም። በመሪማ ፈታኟንም ባስተማሯት።

እዚህ ላይ ቡናው ሞቅ አለ። አንዱ «ዘረኝነት ነው! የጀርመኑን ይቀይሩለታል፣ የኛን ይጥሉታል» አለ። ነገሩን ችላ ብዬ አላልፈውም፤ ቁጣው መሠረት አለው። ካርዱን አስረክቦ ካርድ የሚቀበለው ሰው መሪ ሲጨብጥ ያየው የለም። መልካም ነጂ ይሁን ክፉ ነጂ የጠየቀው የለም፤ ያለፈው በአገሩ ስም ነው። ያኛው ደግሞ የወደቀው በአገሩ ስም ነው። ይህ ፍትህ አይባልም።

ግን እንመርምረው። እንግሊዝ አገር የገባ ሰው በአገሩ መንጃ ፈቃድ 12 ወር መንዳት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ አገሩ በዝርዝሩ ካለ ይቀይራል፣ ከሌለ «ሀ» ብሎ ይፈተናል። በዚያ ዝርዝር ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ አሉበት። ጀርመን የምትፈቅደው 6 ወር ነው። በሷም ዝርዝር ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ አሉ፤ እኛ የለንም። እንግዲህ ነገሩ በቆዳ ቀለም ብቻ የሚዘጋ አይደለም። የታሪክ ቁርኝት አለበት፣ የመንግሥታት ስምምነት አለበት። ከሁሉም በታች ደግሞ አንድ የቆየ የኛው ቃል አለ፤ ዋስ።

መንጃ ፈቃድ ዋስትና ነው። አንድ መንግሥት ለአንድ ሰው ዋስ ሆኖ «ይህን ሰው ፈትኜ አምኜዋለሁ፣ እናንተም እመኑት» ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት ነው። ዋስ የሚባል ነገር ያለበት አገር ልጆች ስለሆንን ህጉን እናውቀዋለን፦ ለመጣ ለሄደው ሁሉ የሚፈርም ሰው ዋስነቱ ዋጋ የለውም። «ገዛ» የሚለውን ግሥ ሳናፍር በየሻይ ቤቱ የምንጠቀም እኛው፣ ሌላው አገር ፊርማችንን አላምንም ሲል በምን አፋችን እንቆጣለን? ጋሼን የመሰለ ነጂ በቨርጂኒያ መንደር ውስጥ እንደ ጀማሪ የተቆጠረው፣ ከሱ ኋላ የመጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ወረቀት ስለያዘ ጭምር ነው። ሐሰተኛ ብር ሲበዛ የሚጎዳው እውነተኛውን ብር የያዘው ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ተስፋ አለ፤ «ኢንተርናሽናል» የሚባለው። ብዙ ሰው ከመንጃ ፈቃድ ሁሉ የሚበልጥ፣ ዓለምን የሚያስዞር ወረቀት ይመስለዋል። አይደለም። በ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ እና በ1968 እ.ኤ.አ. የቪየና ስምምነቶች የታወቀው ይህ ሰነድ፣ የአገርህን መንጃ ፈቃድ በሌሎች ቋንቋዎች የሚገልጽ ትርጉም ነው። የሚሰጥህ መንጃ ፈቃዱን የሰጠህ አገር ነው እንጂ የምትሄድበት አገር አይደለም። ዋናው ድርሰት በኪስህ ከሌለ ትርጉሙ ብቻውን ከንቱ ነው። ለጎብኚ ይሆናል፤ ለነዋሪ አይሆንም። በኢንተርኔት «ያለ ፈተና እንልክልዎታለን» እያሉ የሚሸጡትማ ገንዘብ ከመብላት ያለፈ ጥቅም የላቸውም። ዳሩ ግን ገዢ አያጡም። መግዛቱን ለምደነዋላ!

ወደ ፈተናው ልመለስ። በየአበሻ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር አንዲት የተሸበሸበች ወረቀት አለች። ጥያቄና መልስ ናት። አዲስ መጤው መጽሐፉን ከማንበቡ በፊት እሷን ይሸመድዳል። «ስለ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ከጠየቁህ ሐ ነው» ይሉታል። ሐ ለምን እንደሆነ አይነግሩትም፤ እሱም አይጠይቅም። ተማሪዎቼ ልብ ወለዱን ሳያነቡ የልብ ወለዱን ጭማቂ ሸምድደው ሲመጡ አውቃቸው ነበር። የገጸ ባህሪዎቹን ስም ያውቃሉ፤ ሰዎቹን ግን አያውቋቸውም።

በቋንቋ እንዳይሳበብ ደግሞ በአንዳንድ ቦታ በሩ ተከፍቶልናል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ተደራሽነት ህግ ካወጣች ወዲህ አማርኛ በከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ቦታ ካገኙት ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው። እስራኤልም የጽሑፉን ፈተና በአማርኛ መፈተን ይቻላል። የዲያስፖራው ቁጥርና ድካም ያመጣው ነው፤ ያስመሰግናል። ግን በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ «ሐ ነው» ያው «ሐ ነው» ነው።

እኔ ያንን የነጂዎች መጽሐፍ ሁለቴ አነበብኩት። መኪና ለመንዳት አይደለም፤ የሙያ ልክፍት ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስለ አሜሪካ ኑሮ ከተጻፉ መጻሕፍት ሁሉ እንደሱ ግልጽ የሆነ አላጋጠመኝም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቀይ መብራቱን እያብለጨለጨ ሲቆም፣ በመሀል መንገዱን የሚከፍል አካፋይ ከሌለ በስተቀር፣ ከኋላውም ከፊት ለፊቱም የሚመጣው መኪና ሁሉ ቀጥ ይላል። ለአንድ ቦርሳ ላዘለች ሕፃን! በአራቱም በኩል ቁም የሚል ምልክት ያለበት መስቀለኛ ላይ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ያልፋል፤ እኩል ከደረሱ በግራ ያለው በቀኙ ላለው ይለቃል። ቪትዝ ነው መርሴዲስ ነው የሚል አንቀጽ የለም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ስለ ቅድሚያ ያለው ነው። እኛ «ቅድሚያ አለኝ» እንላለን፤ እንደ ርስት። እዚያ ግን አስተሳሰቡ ተገልብጦ ነው ያለው፦ ህጉ ለማንም ቅድሚያን አይሰጥም፤ ማን መልቀቅ እንዳለበት ብቻ ይናገራል። ቅድሚያ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ የሚሰጥ ነው። ይቺን አንዲት ሐሳብ የተረዳ ሰው የተቀረውን መጽሐፍ ሳያነብም ግማሹን ይመልሳል።

እንግሊዞቹ ደግሞ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ ነገር ጨምረዋል። ተፈታኙ 14 አጫጭር የመንገድ ፊልሞች እያየ፣ አደጋ ሊሆን ያለው ነገር ማቆጥቆጥ እንደጀመረ ይጫናል። ኳስ ወደ መንገድ ስትንከባለል ከኋላዋ ልጅ እንደሚከተል ማወቅ አለበት። አስቡት፤ ገና ያልሆነውን ማንበብ! ጥሩ አንባቢ በልብ ወለድ የመጀመሪያ ምዕራፍ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ፤ ጉዳዩ እዚህ ነውና ደም ያለበት። ለዓመታት ውጭ ኖሮ ለእረፍት የመጣውን ወገን ታውቁታላችሁ። እዚያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዶሮ በማይታይበት መንገድ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ቦሌ ደርሶ መኪና በተከራየ በሦስተኛው ቀን ዜብራ ላይ የገባችውን እናት በክላክስ ያባርራታል። ለምን ሲሉት «ኧረ እዚህማ እንደዚያ ተነድቶ አይቻልም!» ይላል። እዚያ ያቆመው ምን ነበር ታዲያ? ካሜራው፣ የቅጣቱ ወረቀት፣ የኢንሹራንሱ ጭማሪ። ማን አለና ልቁም! እዚያ አለ፣ እዚህ የለም። ወረቀቱን ቀይሯል፤ ማህተም ሁሉ አስመትቶበታል። ነጂው ግን ያው ነው። በዚህች ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸውና ነገሩ የጨዋታ አይደለም።

«የኛ ሰው አይለወጥም» የሚለውን ዘፈን ግን አልቀበልም። ይህች አገር በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ተሻግራለች። የጋሼ ታላላቆች በግራ ሲነዱ የኖሩትን ትተው በቀኝ ነዱ። ያን ጊዜ የተለወጠው ወረቀት አልነበረም፤ እጅና ዓይን ነው። ያን ያህል ከተቻለ፣ ለአንዲት እግረኛ መቆም እንዴት አቃተን?

ጋሼን ከመመለሴ በፊት በስልክ አግኝቻቸው ነበር። ለሦስተኛው ፈተና ከልጃቸው ጋር እየተለማመዱ ነው። «ልጄ ቁም ባለው ቦታ ሁሉ፣ በልብህ እስከ ሦስት ቁጠር አለኝ» አሉ። ከዚያ ሳቅ ብለው፣ «ስቆጥር አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ በሦስት ቁጥር ውስጥ እኮ ስንት ሰው ብቅ ይላል!»