አዲስ ጌም ሁሉ ጥሩ ጌም ነው ወይ?

ጌም የሚወዱ ተማሪዎች ሲሰባሰቡ አንድ የማያልቅ ክርክር አላቸው። አንዱ «የድሮው ይሻል ነበር፤ እናሻሽል እያሉ አበላሹት» ይላል። ሌላው «እንዴ! ዓለም ወደፊት ሲሄድ አንተ ወደ ኋላ?» ብሎ ይመልስለታል። እኛም በዚህ እትም የበኩላችንን ፍርድ ለመስጠት አሰብን። ጉዳዩ እንዲያው የትርፍ ጊዜ ወሬ ብቻ አይደለም። ኮምፒዩተርና መብራት በወረፋ በሚገኝበት ቦታ፣ የትኛው ጌም ጊዜያችንንና ባትሪያችንን ሊወስድ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ የመምህሩም የተማሪውም ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከድሮው እንጀምር። አሌክሴይ ፓጂትኖቭ ቴትሪስን በ1984 ሞስኮ ውስጥ ሲሠራ፣ የነበረው ማሽን ሥዕል እንኳ ማሳየት አይችልም ነበር፤ የሚወርዱትን ቁርጥራጮች በቅንፍ ምልክት ነው ያሳያቸው። ኒንቴንዶ በ1989 ጌም ቦይ የተባለውን የእጅ ማሽን ሲያወጣም ስክሪኑ ቀለም አልነበረውም። በዚያው ዓመት የወጣው የአታሪ ሊንክስና በ1990 የተከተለው የሴጋ ጌም ጊር ግን ባለ ቀለም ነበሩ። ታዲያ ማን አሸነፈ? ባለ ቀለሞቹ 6 ባትሪ በጥቂት ሰዓት ይጨርሳሉ። ጌም ቦይ በ4 ባትሪ ከ10 ሰዓት በላይ ያጫውታል። ተከታዩን ጌም ቦይ ከለርን ጨምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሥራውን የመራው ጉንፔይ ዮኮይ እምነቱ ግልጽ ነበር፦ ርካሽና የታወቀ ቴክኖሎጂን ባልታሰበ መንገድ መጠቀም። ባትሪ ቆጥሮ ለሚጠቀም ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህ ማለት ግን አዲስ ነገር አያስፈልግም ማለት አይደለም። በ1996 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ 64ን እንውሰድ። በመጀመሪያዎቹ ጌሞች ማሪዮ በአብዛኛው ወደ ቀኝ ነበር የሚሮጠው። በአዲሱ ግን በየአቅጣጫው መሄድ ቻለ፤ የእጅ መቆጣጠሪያዋን ዘንግ ትንሽ ሲገፏት ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ አጥብቀው ሲገፏት ይሮጣል። እዚህ ላይ አዲስነቱ ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለእጅም ለአእምሮም ደርሷል። በ2006 የወጣው ዊም እንዲሁ ነው። ክንድን እንደ ቴኒስ ራኬት በመወዝወዝ ስለሚጫወቱበት ጌም ነክቶ የማያውቅ ሽማግሌም ከልጅ ልጁ ጋር ሊጫወትበት ቻለ፤ ከ101 ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። በ2012 የመጣው ተከታዩ ዊ ዩ ግን መቆጣጠሪያው ላይ ስክሪን ተጨምሮለት እያለ 14 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። በእኛ አስተያየት፣ ያ ሁለተኛ ስክሪን ለምን እንዳስፈለገ የሚያሳምን ጨዋታ ጥቂት ነበር።

አሁን ወደሚያበሳጨው እንምጣ። ዊል ራይት የፈጠረውና በ1989 የወጣው ሲምሲቲ ከተማ የሚቆረቆርበት ጌም ነው። መንገዱ፣ መብራቱ፣ ግብሩ ሁሉ የተጫዋቹ ኃላፊነት ነው፤ ለጂኦግራፊ መምህር እንዲህ ያለ መሣሪያ ከየት ይገኛል! በ2013 የወጣው አዲሱ ሲምሲቲ ግን ብቻውን የሚጫወተውን ሰው ጭምር ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኝ አስገደደ። ገና እንደ ወጣ ሰርቨሮቹ ተጨናነቁ፤ ከፍለው የገዙ ሰዎች ከተማቸው ውስጥ መግባት አቃታቸው። ያለ ኢንተርኔት መጫወት የተፈቀደው ከአንድ ዓመት በኋላ በ2014 ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይሄ ነው። ለሀብታም አገር ተጫዋች ይህ የአንድ ሳምንት ንዴት ነው። ኔትወርክ በሌለበት ላለ ተማሪ ግን በሩ ጨርሶ ተዘጋ ማለት ነው።

ሌላው የኪስ ጉዳይ ነው። የፊፋ የእግር ኳስ ጌም ከ2009 ጀምሮ ተጫዋቾችን በጥቅል የሚሸጥበት «አልቲሜት ቲም» የሚባል አሠራር አመጣ። በገንዘብ ተገዝቶ ከውስጡ ማን እንደሚወጣ ግን አይታወቅም። ቤልጅየም በ2018 እንዲህ ያለውን ሽያጭ ቁማር ነው ብላ ፈረደች፤ ኩባንያውም በ2019 እዚያ አገር በገንዘብ መሸጡን አቆመ። እኛም ከቤልጅየም ጋር ነን። ጎበዙ ሳይሆን የከፈለው የሚያሸንፍበት ሜዳ ምን ጨዋታ አለው?

ከእኛው መንደር የወጣ አዲስ ነገርም አለ። ደቡብ ሱዳናዊው ሉዋል ማየን ያደገው በሰሜን ኡጋንዳ የስደተኞች ካምፕ ነው። እናቱ ለ3 ዓመት ቆጥባ ላፕቶፕ ገዛችለት፤ እሱም ባትሪውን ለመሙላት ረጅም መንገድ በእግሩ እየተጓዘ ሙያውን ራሱን አስተማረ። «ሰላም» የተሰኘው ጌሙ ከጦርነት የሚሸሽ ሰው ታሪክ ነው። በጌሙ ውስጥ የሚገዛ ምግብና ውኃ ለእውነተኛ ስደተኞች እንዲደርስ የሚል ሐሳብም አስተዋውቋል። ያው መክፈል ነው፣ ዓላማው ግን ሌላ ነው። ቢሆንም የጌሙ ዓላማ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሩጫው ልብ ካላንጠለጠለ ትምህርት እንጂ ጨዋታ አይባልም። ይህን የምንለው ሙያውን አክብረን ነው።

እንግዲህ የእኛ ፍርድ ይኸው ነው። አዲሱ ነገር ለተጫዋቹ ሌላ ምርጫ፣ ሌላ ብልሃት ከሰጠው ጨዋታውን ያጣፍጣል። መልኩን ብቻ ከለወጠ አይጎዳም፣ አይጠቅምምም። በሩን ከዘጋ ወይም ኪስን ከከፈተ ግን ያበላሻል።

ይህን ለመፈተን ኮምፒዩተር እንኳ አያስፈልግም። ገበጣ በአገራችንና በአፍሪካ ቀንድ ብዙ ዓይነት አጨዋወት አለው፤ ጉድጓዱና ጠጠሩ ያው ሆኖ ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ በሚያውቁት ገበጣ ላይ አንድ ሕግ ብቻ ለውጠው ደጋግመው ይጫወቱት። ከዚያ ተሻለ ወይስ ተበላሸ፣ ለምንስ? ብላችሁ ጠይቋቸው። የተሻለውን ሕግ በጽሑፍ ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።