ከክሩስኮት ጀርባ

አንድ መኪና ምን ያህል በጥንቃቄ እንደተሠራ ማየት የሚፈልግ ሰው ክሩስኮቱ የሚነቀልበትን ቀን ይጠብቅ። ሳሪስ አቦ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብለው ካሉት ጋራዦች በአንዱ፣ እንዲህ ያለ ቀን አጋጥሞኛል። መኪናው ሰማያዊና ነጭ ታክሲ፣ ቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ ነው። ላሜራው ተደጋግሞ ተቀጥቅጧል፣ ቀለሙ በቀለም ላይ ተደራርቧል፣ ወንበሮቹም የቀድሞዎቹ አይደሉም። ክሩስኮቱ ተነስቶ መሬት ላይ ሲቀመጥ ግን ከጀርባው ብቅ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከአቧራው በቀር፣ ፋብሪካ እንደሠራው ነበር።

ግንዱ ከአውራ ጣት ወፈር ይላል። ከሹፌሩ በኩል ተነስቶ እስከ ወዲያኛው በር ይዘልቃል፤ በመንገዱም አንዱን ቅርንጫፍ ለፍሬቻው፣ አንዱን ለፍጥነት መለኪያው፣ አንዱን ለፊውዝ ሳጥኑ ይሰጣል። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚለየው ከሚደርስበት ዕቃ ትይዩ ሲሆን ብቻ ነው። ሶኬቱ ጋ ሲደርስም ጥቂት ይተርፋል፤ ለመንቀል የሚመጣ ሰው እጁን አስገብቶ ሶኬቱን ወደ ብርሃን ሳብ እንዲያደርግ የሚበቃ ያህል። ከዚያ ቢረዝም ኖሮ ተንጠልጥሎ ከብረት ጋር ይፋተግ ነበር፣ ቢያጥር ደግሞ ይወጠር ነበር።

ናስትሮው ራሱ ይነበባል። ገመዱ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ዙሩ ግማሽ በግማሽ እየተደራረበ ጥብቅ ብሎ ተጠምጥሟል። መታጠፍ ባለበት ቦታ ዙሮቹ ተራርቀው ሽቦዎቹ በመካከል ይታያሉ፤ እዚያ ላይ ገመዱ እንዲላወስ ተፈቅዶለታል። ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባበት የላሜራ ቀዳዳ ስለቱ እንዳይቆርጠው ወፍራም ጎማ ለብሷል፤ ጎማው ውኃውንም ድምፁንም ይከለክላል። ውኃ ሊደርስበት የሚችል ሶኬት ጋ ገመዱ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ ነው ወደ ላይ የሚመለሰው። የዝናብ ጠብታ ገመዱን ተከትሎ ሲመጣ ከታችኛው እጥፋት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ክረምቱ ለሚበረታበት ከተማ ይህች አንዲት እጥፋት ብዙ ዋጋ አላት።

ቀለሞቹም በዘፈቀደ አልተመረጡም። አንዱ ቀለም መሠረት ሆኖ ሌላው ቀጭን መስመር ይሆንበታል። ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ያለበትን ሽቦ ያየ የቶዮታ ኤሌክትሪሻን ቴስተር ሳያወጣ ወደ ቦዲው የሚሄደው ኔጋቲቭ መሆኑን ያውቃል። ፊውዞቹም እንደዚያው ናቸው፤ 10 አምፔር ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 30 አረንጓዴ።

ከሁሉ የምወደው ግን ዓይን የማይደርስበትን ነው። ከሶኬቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ተርሚናል ወጥታ ብትታይ ሁለት ጥንድ ክንፍ አላት። የፊተኛው ጥንድ የተላጠውን መዳብ ይጨብጣል። የኋለኛው የሚጨብጠው የሽቦውን የፕላስቲክ ልባስ ነው። በፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያልፍ፤ ታዲያ ሁለተኛው ለምን አስፈለገ? መኪና ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ሽቦ የሚበጠሰው ግትሩ ክፍል ከሚላወሰው ጋር በሚገናኝበት ነጥብ ላይ ነው፤ የኋለኛው ጭብጥ መንቀጥቀጡን ልባሱ ላይ ያስቀረውና መዳቡን ያሳርፈዋል። በትክክል የተጨመቀ ተርሚናል መሐል ለመሐል ተቆርጦ በማጉያ ሲታይ ደግሞ ቀጫጭኖቹ የመዳብ ክሮች ክብነታቸውን ትተው እንደ ማር እንጀራ ባለ ማዕዘን ሆነው ተጣብቀዋል። በመካከላቸው አየር የለም፤ አየርና እርጥበት ካልገባ መዳቡ አይበላሽም።

ብየዳ ከዚህ ይጠነክራል ብሎ የሚከራከር ብዙ ነው። ለሬዲዮ ቦርድ እውነት ነው፣ ለሚንቀጠቀጥ ነገር ግን አይደለም። የብየዳው ቆርቆሮ በክሮቹ መካከል ሰርጎ ሽቦውን ያገትረዋል፤ ሽቦውም ብየዳው ባለቀበት ይሰበራል። የአሜሪካ የጀልባና የያኽት ምክር ቤት ለመዝናኛ ጀልባዎች ያወጣው የኤሌክትሪክ ደንብ ብየዳ ብቻውን የሽቦ መያዣ እንዳይሆን ይከለክላል። ገመዱም ቢበዛ በየ45 ሳንቲ ሜትሩ ድጋፍ እንዲኖረው ያዛል። ጥሩ ጀልባ ሠሪዎች ከዚህም አልፈው እያንዳንዱ ክር በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ይጠቀማሉ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት በሞተር ጀልባ የተሻገረ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም፤ ማዕበሉም ሞተሩም ገመዱን ያርገፈግፉታል፣ እርጥበቱም አይለየውም። የጣና ውኃ ጨው አልባ መሆኑ ትልቅ እፎይታ ነው።

የመገጣጠሚያ ጥራት በሰው ላይ የሚታየው ማታ ነው። አንድ የፊት መብራት አምፖል 55 ዋት ቢሆን ከ12 ቮልት ባትሪ ከ4 አምፔር ተኩል በላይ ይስባል። መንገድ ላይ አንድ የላላ ወይም የተበላሸ መገጣጠሚያ ካለ ቮልቴጁ እዚያው በሙቀት ይባክናል። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢቀንስ ብርሃኑ የሚቀንሰው ወደ 30 በመቶ ገደማ ነው። ከቃሊቲ በኩል በጨለማ የሚመጣ፣ መብራቱ የደከመ መኪና አምፖሉ ጤነኛ ሆኖ ሽቦው የታመመ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ከተማ ብዙዎች ሙያውን የተማሩበትን ላዳን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ግፍ ይሆንብኛል። የድሮዋ ላዳ፣ የፊያት 124 ዘር የሆነችው 2101፣ ያላት 10 ፊውዝ ብቻ ነው፤ አንዱ 16 አምፔር፣ ዘጠኙ 8 አምፔር። ፊውዞቹ ጫፍና ጫፋቸው የሾጠጠ ሆኖ የምትቃጠለው ቀጭን ብረት በውጭ ስለምትታይ መሣሪያ የሌለው ሹፌር እንኳ የሞተውን በዓይኑ ይለያል። ፊውዙን የሚይዙት ምላሶች ግን ከጊዜ ጋር ይላላሉ፣ ይግላሉ። ግልጽነቷን ባደንቅም የሃይሱን ሥራ አስበልጣለሁ።

የሚያሳዝነኝ ከፋብሪካ በኋላ የሚጨመረው ነው። ለአላርም፣ ለቴፕ፣ ለፓውዛ ሲባል ጤነኛው ሽቦ መሐሉ ይላጣል፤ ሌላ ሽቦ ይጠመጠምበትና ናስትሮ ይለብሳል። የሞተሩ ሙቀት ሙጫውን ያቀልጠዋል፣ ናስትሮው ይፈታል፣ መዳቡ ራቁቱን ይቀራል። የሳሪሱ ጋራዥ ኤሌክትሪሻን ግን እንዲህ አላደረገም። ለተጨማሪ መብራት ኃይሉን ከባትሪው በቀጥታ አመጣ፤ ከባትሪው አጠገብ ለብቻው ፊውዝ አቆመለት፤ በሪሌ በኩል አሳለፈው። አዲስ ቀዳዳ ሳይበሳ በፋብሪካው ጎማ ውስጥ መንገድ ፈለገለት። ሽቦውን የቆረጠው ከሶማሌ ተራ ከተገዛ አሮጌ የቶዮታ መስመር ላይ ነው፤ ወደ ቦዲው የሚሄደውንም ነጭ በጥቁር አደረገው። ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ኤሌክትሪሻን የተጨመረውን ከነባሩ ለመለየት ይቸገራል። ለዚህ ሥራ የምሰጠው ክብር ለፋብሪካው ከምሰጠው አያንስም።

ፋብሪካው ራሱም የእጅ ሥራ ነው። የመኪና ላሜራን ሮቦት ይበይደዋል፤ የሽቦ መስመሩን ግን በአብዛኛው ሰው ነው የሚዘረጋው። ንድፉ በእውነተኛ መጠኑ የተሳለበት ሰፊ ሰሌዳ አለ፤ ሠራተኞች ሽቦውን በችካሎቹ መካከል እያሳለፉ በእጃቸው ናስትሮ ይጠመጥማሉ። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር በምዕራብ ዩክሬን ያሉ የሽቦ ፋብሪካዎች ሥራ በማቆማቸው የጀርመኖቹ ቮልስዋገንና ቢኤምደብሊው አንዳንድ ፋብሪካዎቻቸውን ለጊዜው ለማቆም ተገደዋል። ከአፍሪካ ሞሮኮና ቱኒዚያ በዚህ ሥራ ትልቅ ስም አላቸው። ከሳሪስ እስከ አቃቂ ያለው ሰፈር ትውልድ ተሻግሮ የፋብሪካ እጅ ያፈራ ነውና ይህ ሙያ እዚህ ቢመጣ እንግዳ አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ጋራዦቹ ሌላ ዓይነት ሽቦ እየገባ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራው ገመዱም ብርቱካናማ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚያልፍበት እንደ 12 ቮልቱ አይዳሰስም። የዚህን ገመድ ሶኬት ቀርቦ ለሚያይ ከትልልቆቹ ፒኖች አጠገብ ሁለት ቀጫጭን አጫጭር ፒኖች አሉ። ሶኬቱ ሲነቀል ቀድመው የሚለያዩት እነርሱ ናቸው፤ መኪናውም መለያየታቸውን እንዳወቀ ትልልቆቹ ሳይላቀቁ ኃይሉን ያቋርጣል። ፒኖቹን ያሳጠራቸው መሐንዲስ አንድ ቀን አንድ የቸኮለ እጅ ያንን ሶኬት ኃይሉ ሳይጠፋ እንደሚስበው አስቀድሞ አስቧል።