መድረሻውን አውቀው መንገዱን የዘለሉ፦ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» እና የተመልካች ቅያሜ

ቅያሜ የሚይዘን በምንወደው ላይ ነው። ባዳ ሲያጠፋ ተቆጥተን እናልፋለን፤ የምንቀየመው ግን የልብ ያልነውን ሰው ነው። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲጠናቀቅ በተመልካቹ ዘንድ ለታየው ስሜት ከዚህ የቀረበ ቃል አላገኘሁም። የመጨረሻው ምዕራፍ እንደገና ይሠራ የሚለውን አቤቱታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈርመውበታል። የመዝጊያውን ክፍል በዚያው በወጣበት ምሽት አሜሪካ ውስጥ የተመለከተው ሕዝብ ደግሞ 19.3 ሚሊዮን ደርሷል። ድራማው በዚያ ዓመት 12 የኤሚ ሽልማቶችን ወስዷል፤ የምርጥ ተከታታይ ድራማ ሽልማትም አንዱ ነው። እንግዲህ ተመልካቹ ሰልችቶት የሸሸው ሥራ አልነበረም። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አብሮት ተጉዞ ነው ተቀይሞ የወጣው።

ለዚህ ውድቀት ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት መጻሕፍቱ አለቁ የሚል ነው። ድራማው የተመሠረተበት የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ልቦለድ የመጀመሪያ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1996 ታትሟል። አምስተኛው የወጣው ድራማው ከጀመረ ከሦስት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስድስተኛው ሳይደርስ ድራማው ቀደመው። እኔም ይህን ማብራሪያ ለረጅም ጊዜ ስቀበለው ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን አያሳምነኝም። ማርቲን የታሪኩን ዋና ዋና መድረሻዎች ለአዘጋጆቹ፣ ለዴቪድ ቤኒዮፍና ለዲ. ቢ. ዋይስ፣ አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር። ፍጻሜውን ያውቁታል። በአንጻሩ የ«ብሬኪንግ ባድ» ጸሐፊዎች አምስተኛውን ምዕራፍ ሲከፍቱ ዋና ገጸ ባሕርያቸውን ዋልተር ዋይትን የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከተጋደመ መትረየስ ጋር አገናኙት፤ መትረየሱ ለምን እንደሚውል ግን ያን ጊዜ እነርሱም አያውቁም ነበር። የዚያ ድራማ ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን ይህን በግልጽ ተናግሯል። መልሱን ያገኙት ከገጸ ባሕርይው ጠባይ ተነሥተው፣ እርምጃ በእርምጃ ነው። መድረሻውን ያላወቁት በክብር ሲጨርሱ ያወቁት ወደቁ። ስለዚህ ጥያቄው የት እንደሚደርሱ ማወቃቸው አይደለም፤ እንዴት እንደሄዱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ለተመልካቹ አንድ ጥብቅ ሕግ አስተምረውታል፤ ድርጊት ሁሉ መዘዝ አለው። ኔድ ስታርክ ለጠላቱ ዕቅዱን በየዋህነት ገልጦ ነገረ፤ ዋናው ተዋናይ እርሱ ነው ብለን ስንጠብቅ በዘጠነኛው ክፍል አንገቱ ተቀላ። ልጁ ሮብ የገባውን የጋብቻ ቃል አፈረሰ፤ የዚያ መዘዝ በሦስተኛው ምዕራፍ፣ በሠርግ ድግስ ላይ በደም ተከፈለ። ከዘግናኝነቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ንግሩ ነው። ፍንጩ ቀደም ብሎ ተቀምጧል፤ ወደ ኋላ ተመልሰን ስናየው እንዴት አልታየኝም እንላለን። ርቀትም እንዲሁ ይከበር ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ንጉሡና አጀቡ የኔድ መኖሪያ ወደሆነው ዊንተርፌል ለመድረስ አንድ ወር ተጉዘዋል። በዚያ ወር ውስጥ ወሬ ይደርሳል፣ ሰው ይመክራል፣ ሴራ ይበስላል። ተመልካቹ እያንዳንዱን ቃልና እያንዳንዱን ጉዞ በጥንቃቄ መመዘን የለመደው ከዚሁ ሥራ ነው።

ይህ ትዕግሥት ግን አልዘለቀም። እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ ድረስ እያንዳንዱ ምዕራፍ አሥር አሥር ክፍል ነበረው። ሰባተኛው ሰባት፣ ስምንተኛው ስድስት ሆነ። ድራማውን ያቀረበው ኤችቢኦ ተጨማሪ ክፍሎችን ለመሥራት ፈቃደኛ ነበር፤ ማሳጠሩ የአዘጋጆቹ ምርጫ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በዚህ ጥድፊያ መጀመሪያ የተጎዳው መቼቱ ነው። በሰባተኛው ምዕራፍ ስድስተኛ ክፍል አንድ ሰው እስከ ሰሜኑ ግንብ ሮጦ፣ ከዚያ መልእክት በቁራ ደቡብ ድረስ ደርሶ፣ የንግሥት ዴኔሪስ ዘንዶዎች መጥተው በረዶ ላይ የተከበቡትን ሰዎች ያድናሉ። የወር መንገድ የነበረው ምድር ጠበበ። ከዚህ የባሰው ብራን ነው። በፍጻሜው የነገሠው ልጅ በአምስተኛው ምዕራፍ ሙሉ አንዴም ብቅ አላለም። መንገሡ ስሕተት ነው አልልም፤ ለመንገሡ ግን ቲሪየን የተባለው ገጸ ባሕርይ ያደረገው አንድ ንግግር እንጂ ንግር የለውም።

የክርክሩ ልብ ግን ዴኔሪስ ናት። ብዙዎች የተቀየሙት ጨካኝ በመሆኗ ነው ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ የጭካኔዋ ዘር ከመጀመሪያ ጀምሮ አለ። የጎደለው መሐሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታየውን የአራተኛውን ምዕራፍ የመዝጊያ ክፍል ላስታውስ። አንድ አባት በጨርቅ የጠቀለለው ነገር ይዞ ፊቷ ይቀርባል። ሲፈታው ዘንዶዋ ያቃጠላት የሦስት ዓመት ሴት ልጁ አጽም ነው። ዴኔሪስ ሁለቱን ዘንዶዎች፣ እንደ ልጆቿ የምታያቸውን፣ ራሷ ወደ ምድር ቤት ወስዳ በሰንሰለት ታስራቸዋለች፤ እየጮኹላት፣ እያለቀሰች በር ትዘጋባቸዋለች። ድራማው ለአንዲት ሕፃን አጽም ይህን ያህል ጊዜ ሰጠ፤ ዴኔሪስን የምትጫወተው ኤሚሊያ ክላርክም በፊቷ ብቻ የአንዲት ንግሥትን ኅሊና አሳየችን።

በስምንተኛው ምዕራፍ አምስተኛ ክፍል ያችው ሴት እጅ የሰጠችውን ከተማ ከነሕፃናቷ ታቃጥላለች። እጅ የመስጠቱ ደወል ሲደወል ካሜራው ለጥቂት ጊዜ ፊቷን ያሳየናል፤ እሳቱ ከጀመረ በኋላ ፊቷን ዳግመኛ አናይም። ዘንዶውን ከሩቅ፣ ሕዝቡን ከቅርብ እናያለን። ከሟቾቹ ወገን ሆኖ ማየቱ ክቡር ምርጫ ነው፤ የጦርነትን ሰቆቃ እስከ ጡዘቱ ያደርሳል፤ ለዚህ ዳይሬክተሩን አመሰግናለሁ። ነገር ግን የዚያች አንዲት ሕፃን አጽም የት ሄደ? ስምንት ዓመት ውስጧን ስናነብ የኖርናት ሴት በወሳኙ ሰዓት ውስጧ ተዘጋብን። አሳዛኝ ፍጻሜ የሚሆነው ሰው እያየነው ሲወድቅ ነው፤ እዚህ የተሰጠን የውድቀቱ ዜና ነው።

ስለ አቤቱታው አንድ ነገር ልበል። በእኛ ዘንድ ተረት ነጋሪ ሲጨርስ ተረቴን መልሱ ይላል፤ ሰሚው በተራው የራሱን ተረት ይመልሳል እንጂ የተነገረውን እንደገና ንገረኝ ብሎ አያስገድድም። ስለዚህ አዲስ ፍጻሜ በፊርማ መጠየቁን አልደግፍም። ቅያሜውን የሞልቃቃ ተመልካች ጩኸት አድርገው የሚያጣጥሉትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ያ ተደራሲ የፈረደው ሥራው ራሱ ባስተማረው ሚዛን ነው። ይህን ፍርድ የሚጠራጠር አንባቢ ሌላውን ሁሉ ትቶ የአራተኛውን ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍልና የስምንተኛውን ምዕራፍ አምስተኛ ክፍል በአንድ ምሽት፣ በተከታታይ ይመልከታቸው።