ያልታመነ ሕመም

ከአፍንጮ በር ተነሥቶ ወደ ስድስት ኪሎ ያቀና መንገደኛ የካቲት 12 ሆስፒታልን ያገኛል፤ ፊቱን ወደ ፒያሳ የመለሰ እንደ ሆነ ደግሞ በ1927 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴያትር ይደርሳል። በሐኪም ቤት በሽተኛ ሕመሙን ይናገራል፤ በቴያትር ቤት ግን፣ በየትም አገር ቢሆን፣ በበሽተኛ መሳቅ የቆየ ልማድ ነው። ይህ ሳቅ በበሽተኛው ልብ ላይ ምን እንደሚያደርስ ለመመርመር የፈረንሳዩን ደራሲ የሞልየርን ሁለት ድርሰቶች መርጠናል።

የመጀመሪያውን ጸጋዬ ገብረ መድኅን «የፌዝ ዶክተር» ብሎ ወደ አማርኛ ስለ መለሰው የአገራችን ተመልካች ያውቀዋል። አንዲት ልጅ ያልወደደችውን ባል ላለማግባት አንደበቷ የተዘጋ መስላ ትታያለች፤ በዱላ ተገድዶ ሐኪም የሆነ እንጨት ፈላጭም ሊያክማት ይመጣል። ሳቁ በአላዋቂ ሐኪምና በጨካኝ አባት ላይ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ተመልካቹ፣ ቁስሉ የማይታይ በሽታ ሁሉ ማታለያ ነው የሚል ሌላ ትምህርት ይዞ ወደ ቤቱ እንዳይገባ እንሠጋለን።

ሁለተኛው፣ ጤነኛ ሳለ «ታምሜአለሁ» ስለሚል ስለ አርጋን የተጻፈው ነው። አርጋንን ሆኖ የተጫወተው ሞልየር ራሱ ሲሆን፣ እርሱ ግን በእውነት የታመመ ሰው ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1673 ዓ.ም.፣ ድርሰቱ ለአራተኛ ጊዜ ሲታይ፣ ሕመሙ በመድረክ ላይ ተነሣበት፤ ጨዋታውን እንደ ምንም ጨርሶ በዚያው ሌሊት በቤቱ ዐረፈ። እውነተኛው በሽተኛ የውሸተኛውን ልብስ ለብሶ ነበርና ሕመሙን ከጨዋታው መለየት ቀላል አልነበረም።

አንባቢ «ታዲያ ታምሜአለሁ ያለውን ሁሉ እንመን ወይ?» ይለን ይሆናል። መልሱ ከድርሰቱ ውስጥ ይገኛል። አርጋን የሚለውን ሁሉ እሺ እያለች የምታባብለው ሚስቱ ናት፤ የሞተ መስሎ በተኛ ጊዜ ግን የተደሰተችው እርስዋ፣ ያለቀሰችው ልጁ ሆነች። እንግዲህ ማባበልም ከማላገጥ አይሻልም፤ ሁለቱም «ምንህን ያምሃል? ከመቼ ጀምሮ?» ብለው አይጠይቁም።

በእኛም ዘንድ «አይዞህ፤ ምንም የለብህ» የሚለው ቃል በደግነት ይነገራል። የሰማው በሽተኛ ግን መጀመሪያ ያፍራል፤ ቀጥሎ የገዛ አካሉን ይጠራጠራል፤ በመጨረሻም ዝም ይላል። ዝምታውም እንደ መዳን ይቈጠርለታል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ ተናግሮ ያላመኑት ሰው ግን ደብቀሃል ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም።

ስለዚህ ደራሲዎቻችን በሽተኛን ወደ መድረክ ሲያወጡ፣ ከሚስቁበት ሰዎች መካከል ቁጭ ብሎ የሚጠይቀው አንድ ሰው እንዲያቆሙለት እንለምናለን። ከቴያትር ወጥቶ በአፍንጮ በር በኩል ወደ ቤቱ የሚመለሰው ተመልካች፣ ምናልባት የታመመ ዘመድ ይጠብቀው ይሆናል።