የአፍሪዴቭ ፓምፕ የፕላስቲክ ቡሽ

አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በማላዊና በኬንያ ተቀርጾ የተፈተነ፣ በኢትዮጵያ ገጠርም በስፋት የተተከለ መሣሪያ ነው። እጀታው በሚወዛወዝበት ቦታ ብረት ከብረት አይፋተግም፤ በመካከል ትንንሽ የፕላስቲክ ቡሾች አሉ። አንዱ ክፍል ፖሊአሴታል፣ ሌላው ናይለን ነው። ሁለቱ ያለ ግራሶ ይንሸራተታሉ፤ መበላቱን እነሱ ሲሸከሙ ብረቱ ይድናል።

ነገሌ ቦረናን በመሰሉ አቧራማ ቆላዎች ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ግራሶ የተቀባ ኩሽኔታ አሸዋ ይሰበስብና ብረቱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ደረቁ ቡሽ ግን አሸዋ የሚይዝ ቅባት የለውም። ሲያልቅ እጀታው መንገዳገድ ይጀምራል፤ ያኔ የቀበሌው ፓምፕ ተንከባካቢ በአንድ ቁልፍ ፈትቶ ይቀይረዋል። ሴቶችና ልጆች ውሃ ለመቅዳት የሚሄዱበት ርቀት ሲታሰብ፣ ጥገናው እዚያው ማለቁ የሚደነቅ ነው።

ያረጀ ቢጫ ጀሪካንም እንደ ቡሹ ብረትን ከመበላት ለማዳን ሊውል ይችላል። ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ደጋግሞ የሚቀልጥ ነው፤ በደንብ ታጥቦና ደቅቆ በተጸዳና በጋለ ብረት ላይ ሲነሰነስ ቀልጦ ይለብሰዋል። አፈር ከቀረበት ግን ልባሱ ይላጣል፤ ፀሐይ ያሰባበረው ጀሪካንም አይሆንም። ፖሊኢትሊን በ130 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚቀልጥ ለሞተር አይበጅም፤ እህል ወይም አሸዋ ለሚንሸራተትበት የቆርቆሮ አሸንዳ ግን ተስማሚ ነው።