ጥላን ማቅለም፦ ባለቀለም ብርሃንና የሐዲያና የከምባታ ከተሞች የፎቶ ቤት ምስል

በሾኔ፣ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ፣ የተለመደው የፎቶ ቤት አነሣሥ ቀለምን የሚያገኘው ከብርሃን ሳይሆን ከመጋረጃ ነው፤ ፏፏቴ ወይም የአበባ ስፍራ የታተመበት ጨርቅ ከኋላ ይዘረጋል፣ ሁለት ነጭ መብራቶች ከግራና ከቀኝ በተመጣጠነ ኃይል ፊት ላይ ይበራሉ፣ ጥላም እንደ ጉድለት ተቆጥሮ እንዲጠፋ ይደረጋል። ቀለማቸው እንደ ተፈለገ የሚቀያየር የኤልኢዲ መብራቶች ከተስፋፉ ወዲህ ደግሞ ፊትን ግማሹን ሮዝ ግማሹን ሰማያዊ የሚያደርግ፣ ከሙዚቃ ቪዲዮ የተቀዳ አነሣሥ በየስቱዲዮው መታየት ጀምሯል። ሁለቱ ልማዶች ተቃራኒ ቢመስሉም አንድ ድክመት ይጋራሉ፤ ሁለቱም ለጥላ ቦታ አይሰጡም። ባለቀለም ብርሃን ግን ዋጋው የሚታየው በጥላው ላይ ነው።

ጄል የሚባለው መብራት ፊት የሚደረግ፣ ሙቀት የሚችል ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ሥራው ቀለም መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው፤ ቀዩ ጄል ከነጩ ብርሃን ውስጥ ቀዩን ያሳልፋል፣ ሌላውን ውጦ ያስቀራል፤ ጥቁር ሰማያዊ ጄል የተደረገበት መብራት ኃይሉ እጅግ የሚቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው። መብራቶቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ ደግሞ ብርሃኖቹ በሚገናኙበት ቦታ ይደመራሉ፤ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ሲደራረቡ ቢጫ ይሆናሉ፣ ሦስቱ መሠረታውያን ቀለሞች በተመጣጠነ መጠን ሲገናኙ ነጭ ይሆናሉ። ስለዚህ ከፊት ለፊት የሚመጣው ዋናው ነጭ መብራት ብርቱ ከሆነ፣ ከጎን የሚመጣው ቀለም ታጥቦ ይጠፋል። ቀለሙ ሳይደበዝዝ የሚኖረው ዋናው መብራት በማይደርስበት ቦታ፣ ማለትም በአፍንጫ ጥግ፣ በአገጭ ሥርና በጉንጭ ዳርቻ በሚወድቀው ጥላ ውስጥ ነው። ጥላውን አስቀድሞ ያጠፋ ፎቶ አንሺ ለቀለሙ ማረፊያ አላስቀረለትም።

ይህ ሕግ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ሌላ መልክ ይይዛል። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ንጥረ ነገር ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጦ ይውጣል፤ በዚህም ምክንያት ሰማያዊ ብርሃን ብቻ የወደቀበት ጠይም ፊት ጨልሞ ይወጣል፣ ቀይ ብርሃን የወደቀበት ግን የተሻለ ይፈካል። ሆኖም ከቆዳው ገጽ ላይ እንደ መስተዋት የሚንጸባረቀው ወዝ ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ ሜላኒን አይነካውም፤ የመብራቱን ቀለም እንዳለ ይዞ ወደ ካሜራው ይመለሳል። በጥቁር ቆዳ ላይ የጄል ቀለም ጠልቆና ደምቆ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው፦ ሥሩ ጨለማ፣ ላዩ ብሩህ ቀለም። ወዝን በዱቄት አድርቆ፣ ቀጥሎም በኮምፒዩተር አለስልሶ ፊትን ማንጣት የለመደ ፎቶ ቤት ጄል ሲገዛ፣ ቀለሙን ሊሸከም የሚችለውን ነገር አስቀድሞ አጥፍቶ ነው የሚገዛው። ለዚህ ልማድ ጥፋተኛው ፎቶ አንሺው ብቻ አይደለም። ኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች ይልካቸው የነበሩት የቀለም ማመሳከሪያ ካርዶች ለአሥርት ዓመታት የነጭ ሴት ምስል የያዙ ስለ ነበሩ፣ የትክክለኛ ቆዳ መለኪያ ሆኖ ወደ ዓለም የተሠራጨው የእርሷ ፊት ነበር።

በኢትዮጵያ የዘመኑ ፎቶግራፍ ውስጥ ቀለምን በድፍረት የያዘችው አይዳ ሙሉነህ ናት፤ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው ይህች ባለሙያ፣ ቀይን፣ ሰማያዊንና ቢጫን በሰው ገላ ላይ በቀለም በመቀባት፣ በልብስና በመጋረጃም በማስቀመጥ ትታወቃለች። በ2018 እ.ኤ.አ. በአፋር ዳሎል ያነሣቻቸው የ‹ወተር ላይፍ› ተከታታይ ምስሎችም ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። በእነዚህ ሥራዎች ቀለሙ የነገሩ እንጂ የመብራቱ አይደለም፤ ሰውዬው ከቦታው ቢነሣ ቀለሙ አብሮት ይሄዳል። ከዚህ በተቃራኒ የሚቆመው ምሳሌ የሚገኘው ከፎቶግራፍ ውጭ ነው። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የሠሯቸው፣ 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍኑት የመስተዋት ሥዕሎች፣ የፀሐይን ብርሃን እያጣሩ ወደ ውስጥ ስለሚያስገቡ በግብራቸው ከጄል አይለዩም። ነገር ግን አፈወርቅ ቀለማቱን በጥቁር መስመር ለያይተው እርስ በርስ እንዳይዋዋጡ አድርገዋል፤ በሮዝና በሰማያዊ የተጥለቀለቀው የፎቶ ቤት ምስል የጎደለው ይህ ድንበር ነው።

እንግዲህ ነጩን፣ ጥላ የለሹን አነሣሥ የሙያ ድህነት ብሎ ማለፍ ይቀል ነበር፤ በሐዲያና በከምባታ ግን ፍርዱ መዘግየት አለበት። ከእነዚህ አካባቢዎች እጅግ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል፤ በብዙ ቤት የቤተሰብ ፎቶ ሲነሣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይጎድላል። የጎደለው ከሩቅ ከሚልከው ምስል ተቆርጦ፣ በማቀናበር ሥራ ከእናቱ አጠገብ ይቆማል። ይህ በቀላሉ የሚቻለው ሁለቱም ምስሎች ጥላ የለሽ በሆነ ነጭ ብርሃን ሲነሡ ነው፤ የብርሃኑ አቅጣጫ ስለማይታወቅ ማንም ከማንም ጋር ሊገጥም ይችላል። ጆሃንስበርግ ላይ በቀኝ በኩል ሮዝ ብርሃን የወደቀበት ልጅ ግን ሾኔ ላይ በግራ በኩል ሰማያዊ ብርሃን ከወደቀባት እናቱ ጎን ሲቆም፣ አንድ ቤት ውስጥ እንዳልነበሩ ማንም ልጅ ያውቃል። ባለቀለም ብርሃን ሰውን ከአንድ ቦታና ከአንድ ሰዓት ጋር ስለሚያስር፣ ለአንድ ሰው ምስል የሚሰጠውን ክብር ከተበተነ ቤተሰብ ይነፍጋል።

ሌላው ገደብ ልብስ ነው። በሐዲያ ያሆዴም ሆነ በከምባታ መሳላ በዓል የባህል ልብስ ለብሶ ለመነሣት የመጣ ሰው የጥለቱ ቀለም እንዲታወቅለት ይፈልጋል፤ ቀይ ጥለት ደግሞ በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ ብርሃን ሥር ወደ ጥቁር ይጠጋል። ሁለቱንም ለማስታረቅ የሚረዳው አደራደር ከባድ አይደለም፤ ዋናው መብራት ነጭ ሆኖ ከአንድ ወገን ፊቱንና ጥለቱን ያበራል፣ ጄል የለበሰው ሁለተኛው መብራት ከኋላ በስተጎን ሆኖ የፀጉሩን፣ የጉንጩንና የትከሻውን ጠርዝ ብቻ ይነካል፣ ሦስተኛው መጋረጃው ላይ ይወድቃል። ለዚህ ግን ተነሺው ከመጋረጃው ቢያንስ አንድ ሁለት ሜትር መራቅ አለበት፤ ካልራቀ ነጩ ብርሃን መጋረጃው ላይ ፈስሶ ቀለሙን ያጥባል። ከብዙዎቹ የከተማ ፎቶ ቤቶች ጥበት አንጻር ሲታይ፣ ከመብራቱም ከጄሉም ይልቅ የሚቸግረው ይህ ርቀት ነው።