ቦርዶን ኢዝሊንግተን ያስገባ እጅ

እንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ ሰር ኤድዋርድ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው የመሬት ይዞታ ሐተታ መሐል፣ ከመሬት ጋር እምብዛም የማይገናኝ አንድ ጥያቄ ብቅ ይላል። አንድ ሰው ፈረንሳይ አገር፣ ቦርዶ ላይ የዕዳ ሰነድ ጽፎ፣ ማኅተሙን አሳርፎ ሰጥቷል። የመክፈያው ቀን አለፈ። ባለገንዘቡ ሊከሰው የሚፈልገው እንግሊዝ አገር ነው። የት ይክሰሰው?

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የጋራ ሕግ ፍርድ ቤቶች ፍሬ ነገሩን የሚወስኑት ዐሥራ ሁለት የጁሪ አባላት ነበሩ፤ የሚጠሩትም ነገሩ ከተፈጸመበት አካባቢ ነው። ሥርዐቱ የቆመው ጎረቤት የጎረቤቱን ጉዳይ ያውቃል በሚል እምነት ላይ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ሹም ግን ቦርዶ ወርዶ ዐሥራ ሁለት ሰው ሰብስቦ ሊያመጣ አይችልም። እንግዲህ ሰነዱ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን ባሕሩን ሲሻገር ዳኛ ሊያጣ ነው።

የኩክ መልስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። ከሳሹ ሰነዱ የተጻፈው ፈረንሳይ አገር ቦርዶ ተብሎ በሚጠራ ስፍራ ነው፣ ይህም ስፍራ የሚገኘው ሚድልሴክስ አውራጃ ውስጥ፣ ኢዝሊንግተን ነው ብሎ ይክሰስ። ጁሪውም ከዚያው ይጠራ። ኢዝሊንግተን ያኔ ከለንደን በስተሰሜን ያለች መንደር ናት። በእርግጥ እዚያ ቦርዶ የሚባል ስፍራ አለ ወይስ የለም የሚለውን ተከሳሹ ማንሳት አይፈቀድለትም። በቃ።

ይህን ያነበበ ብዙ ሰው የሕግ ሰዎች ውሸት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ አልስማማም። ውሸት የሚታለል ሰው ይፈልጋል፤ እዚህ ማንም አልተታለለም። ዳኛው ቦርዶ የት እንዳለች ያውቃል፣ ተከሳሹም እዚያው ነበር። የሥራውን ጥራት ለማየት መታየት ያለበት ምን እንደተነካና ምን እንዳልተነካ ነው። የገንዘቡ መጠን አልተነካም። ቀኑ፣ ስሞቹ፣ ማኅተሙ አልተነኩም። ተከሳሹ «ይህ የእኔ ሰነድ አይደለም» ማለት ይችላል፣ ይደመጣል። በማኅተም የተረጋገጠ ደረሰኝ ካለው «ከፍያለሁ» ማለት ይችላል። የተዘጋበት አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም ዕዳው መኖር አለመኖሩን የማይነካ፣ ከሳሹን በሜዳ ላይ ለማስቀረት ብቻ የሚጠቅም በር ነው። የሰነዱ የራሱ ቃል እንኳ አልተፋቀም፤ «ቦርዶ» የሚለው እንዳለ ተትቶ ኢዝሊንግተን ከጎኑ ገባ። ጎበዝ አናጢ ሁለት እንጨት ሲያጋጥም የሚቆርጠው ለመግጠም የሚበቃውን ብቻ ነው፤ የእነዚህም ሰዎች ቁጥባ እንዲሁ ነው።

ኩክ ይህን ከራሱ አላፈለቀውም፤ ከእሱ በፊት የነበሩ ጠበቆችና ዳኞች ሲሞካክሩት የቆየውን ነው አጥርቶ ያስቀመጠው። ደግሞም የዳኞቹ ፍላጎት ንጹሕ ብቻ አልነበረም። ከባሕር ማዶ የመጣ ውል የሚያየው፣ በሮማ ሕግ የሚሠራውና ያለ ጁሪ ምስክርን በጽሑፍ የሚመረምረው የአድሚራሊቲ (የባሕር ጉዳይ) ፍርድ ቤት ነበር። በሪቻርድ ሁለተኛ ዘመን፣ በ1389 እና በ1391 የወጡ ሕጎች የዚያን ፍርድ ቤት ሥልጣን በባሕር ላይ ለተፈጸመ ነገር ወስነውት ነበር፤ ግን ክርክሩ አልበረደም። ኩክ ዋና ዳኛ ሳለ አድሚራሊቲ ጉዳይ እንዳይሰማ የሚከለክል ትእዛዝ በመስጠት የታወቀ ነበር። ቦርዶ ኢዝሊንግተን ከገባች ነገሩ የተፈጸመው በየብስ፣ ያውም በእንግሊዝ የብስ ነው፤ ስለዚህ አድሚራሊቲን አይመለከተውም። ለነጋዴው መንገድ የከፈተው ያው ብልሃት የተቀናቃኙን ፍርድ ቤት ገበያ ይወስዳል። ይህ ለእኔ የሥራውን ዋጋ አይቀንሰውም።

ሆኖም ያን ሁሉ ብልሃት ያስከተለው ሰነድ ራሱ ከዚያ በላይ ሊታይ የሚገባው ነው። ያን ጊዜ ለንደን ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰነዶችን መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ጸሐፊዎቹ ማኅበር ነበራቸው፤ ማኅበራቸውም በ1617 ከንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ቻርተር ተሰጠው። የባለቅኔው የጆን ሚልተን አባት ከእነሱ አንዱ ነበር፤ ሱቁም ቤቱም ብሬድ ስትሪት፣ ከቺፕሳይድ ገበያ አጠገብ ነበር።

ሰነዱ ሁለት ክፍል አለው። የፊተኛው በላቲን ነው፤ ለሰው ሁሉ ይታወቅ ብሎ ይጀምርና፣ ፈራሚው ለእገሌ በዚህን ያህል ፓውንድ በጽኑ የታሰረ መሆኑን ይናገራል። መቶ ፓውንድ የተበደረ ሰው እዚህ ላይ የሚጻፍበት ብዙውን ጊዜ ሁለት መቶ ነው። ቀኑ በንጉሡ የግዛት ዓመት ይቆጠራል። ከሥሩ ወይም ከጀርባው ሁለተኛው ክፍል ይመጣል፣ ይህ ደግሞ ፈራሚው በሚሰማው በእንግሊዝኛ ነው፤ ባለዕዳው መቶውን ፓውንድ በዚህ ቀን፣ በዚህ ስፍራ ከከፈለ ከላይ ያለው ግዴታ ፈራሽ ይሁን፣ ካልከፈለ ግን በሙሉ ኃይሉ ይጽና ይላል። የመክፈያው ስፍራ አንዳንዴ ያው የጸሐፊው ሱቅ ነው።

አሠራሩን ልብ ብሎ ያየ ሰው ሳይደነቅ አይቀርም። ማንኛችንም ብንሆን «በዚህ ቀን መቶ ፓውንድ እከፍላለሁ» ብለን ነበር የምንጽፈው። እንዲያ ያለ ማኅተም ቢጻፍ፣ ዕዳውም ከጨርቅ ሽያጭ የመጣ ቢሆን፣ ባለገንዘቡ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጨርቁ መሸጡን፣ ዕቃው መድረሱን፣ ቃል መግባቱንና መፍረሱን፣ የደረሰበትን ጉዳት በሙሉ ማስረዳት ይኖርበታል፤ ጨርቁ የተሸጠው አንትወርፕ ከሆነ ምስክሮቹም አንትወርፕ ናቸው። ጸሐፊው ግን ነገሩን ገለበጠው። ዕዳው ከወዲሁ አለ፣ ታትሟል፤ ከእሱ የሚያወጣውን መንገድ የማሳየት ሸክም የባለዕዳው ነው። ከሳሹ ብራናውን ያቀርባል፣ ዝም ይላል። ተራ የቃል ዕዳ የተጠየቀ ሰው ከዐሥራ አንድ ሰዎች ጋር ምሎ ነጻ መውጣት ይችል ነበር፤ የታተመ ሰነድ ላይ ግን ይህ መሐላ አይሠራም። በባሕር ማዶ ንግድ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ነጋዴው ከባሕር ማዶ ያን ሁሉ ምስክር ማምጣት ቀርቶለት አንድ ቅጠል ይዞ ይመጣል።

ግን የሥራው ጥራት ራሱ ሰውን ይጎዳ ነበር፣ ይህንንም መናገር ተገቢ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ሰነዱን ሳያስመልስ፣ ወይም በማኅተም የተረጋገጠ ደረሰኝ ሳይቀበል የሄደ የዋህ ሰው እንደገና ሊጠየቅ ይችላል፤ የጋራ ሕግ ዳኞችም በማኅተም የታሰረ በማኅተም ካልሆነ አይፈታም ብለው ያስከፍሉት ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ በ1614 በታየው የፒጎት ጉዳይ ባለሰነዱ ዋና ቃሉን ከለወጠ ሰነዱ ይሞታል ተባለ። አንድም ቃል አይነካም፣ አንድም ቃል አይታለፍም። የጭካኔውን ጠርዝ ያዶለዶመው ከጋራ ሕግ ውጭ በርትዕ የሚፈርደው የቻንስለሩ ፍርድ ቤት ነው፤ በ17ኛው መቶ ዓመት እጥፉን መቀጫ ትቶ ዋናውን ገንዘብ፣ ወለዱንና ወጪውን ብቻ ማስከፈል የተለመደ ሥራው ሆነ። በንግሥት አን ዘመን የወጣ ሕግም ይህንኑ ለጋራ ሕግ ፍርድ ቤቶች ሰጠ። ሰነዱ ግን ቅርጹን አልለወጠም፤ እጥፉ እንደተጻፈ ቀጠለ።

ነጋዴዎቹ ራሳቸው የሠሩት፣ ሌላ ከተማ ያለን ሰው ለእገሌ ክፈል የሚለው ሐዋላ ወረቀት ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነገር ይመስላል። ማኅተም የለውም፣ ላቲንም የለውም፤ ጥቂት መስመር ነው። የጊዜ ገደቡ እንኳ ብዙ ጊዜ በቁጥር አይጻፍም፤ በልማዱ መሠረት ይላል፣ ልማዱም ለንደንና አንትወርፕ መካከል አንድ ወር፣ ለንደንና ቬኒስ መካከል ሦስት ወር ነው። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን መርከብ እንደሚሰጥም አስቀድሞ ማሰቡ ነው። ወረቀቱ በሦስት ቅጂ ተጽፎ በተለያየ መንገድ ይላካል፤ እያንዳንዱም ሌሎቹ ሁለቱ ካልተከፈሉ ይህን ክፈል ይላል። ሁለቱ ባሕር ቢበላቸው አንዱ ይከፈላል፤ ሦስቱም ቢደርሱ የሚከፈለው አንዴ ብቻ ነው። አልከፍልም ያለ ሰው ዘንድ ኖታሪ (ሰነድ አረጋጋጭ) ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ እምቢታውን ይመዘግባል፤ ያም ማስረጃ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። በለንደን የኖታሪነት ሥራ ይሠራ የነበረው ጆን ማሪየስ በ1651 ስለዚህ ወረቀት የምክር መጽሐፍ አሳትሟል።

ኢዝሊንግተን የተተከለችውም ቦርዶ ብቻዋን አልቀረችም። የለንደን ጠበቆች ለዚሁ ብልሃት የራሳቸው የተለመደ አጥቢያ ነበራቸው፤ ቺፕ ቀጠና ውስጥ ያለው የቅድስት ማርያም ለ ቦው አጥቢያ፣ ከሚልተን አባት ሱቅ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ። በ1774 በታየው የሞስቲን እና የፋብሪጋስ ክርክር የሜዲትራኒያኗ ደሴት ሚኖርካ ሳትቀር እዚያው አጥቢያ ገባች። ጉዳዩ ዕዳ አልነበረም፤ የደሴቷ ገዥ በግፍ አስሮ ከዚያ ያባረረው ሰው ያቀረበው ክስ ነው። ዋና ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ እንዲህ ያለው የቦታ ስያሜ ለችሎት እንዲበቃ ብቻ የተፈጠረ ስለሆነ፣ ያን ዓላማ ለማክሸፍ ሲባል ማንም ሊክደው አይችልም፣ ለሌላ ጥቅም ግን እውነተኛው ቦታ ሊነገር ይችላል ብሎ አስረዳ።

ማንስፊልድ ብልሃቱን ባሕር ማዶ ባለ ቤትና ቦታ ላይ በደረሰ ጉዳትም ሊጠቀምበት ይፈልግ ነበር። ተከታዮቹ ግን አልተቀበሉትም። በ1792 አንድ ሰው ካናዳ ያለው ቤቴ ተደፍሮብኛል ብሎ ለንደን ላይ ሲከስ፣ ዳኞቹ ገንዘብና ውል ከሰው ጋር ይጓዛል፣ ቤት ግን ካለበት አይነቃነቅም ብለው ያን ክስ ሳይቀበሉት ቀሩ።